«ለሐኪሙ አሳውቃለሁ» የማይሠራበት ፈተና

የፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር (ኤን.ፒ.፤ ራሷ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) የቦርድ ፈተና መጀመሪያ ስፈተን የወደቅኩት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ያጠናሁበት ወቅት የለም። ደብተሮቼ ሞልተዋል፣ ስልኬ በድምፅ ትምህርት ተጨናንቋል፣ የማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ወረቀት ተለጥፎበታል። ግን ያጠናሁት እንደ ነርስ ነበር። ፈተናው የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግሩኝም በዚያን ሰዓት የምሰማ አይመስለኝም። እናንተ ግን ስሙኝ።

መነሻዬን ባጭሩ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ ነው የመጣችሁት። አገር ቤት በክሊኒካል ነርስ ዲፕሎማ ተመርቄ ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ስገባ ናርሲንግ ሆም ውስጥ በረዳትነት ጀመርኩ። ከዚያ የትምህርት ማስረጃ ማስገምገም፣ ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተናው)፣ ዲግሪ፣ የሆስፒታል ሥራ። ለዓመታት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌሊት ሺፍት ሠራሁ። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ማስተርሱን በኦንላይን ጀመርኩ። ለክሊኒካል ልምምድ የሚቀበለኝ ፕሪሴፕተር (አሠልጣኝ ባለሙያ) ፍለጋ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ብቻ ተመረቅኩና ፈተናው ቀረኝ።

ለማያውቅ ሰው ስለ ፈተናው ትንሽ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ፋሚሊ ኤን.ፒ. ለመሆን ከሁለት ፈተናዎች አንዱን ማለፍ ይበቃል። አንዱ ኤ.ኤ.ኤን.ፒ.ሲ.ቢ. የሚባለው ቦርድ የሚሰጠው ነው። 150 ጥያቄ አለው፣ ጊዜው 3 ሰዓት ነው። 135ቱ ጥያቄዎች ይቆጠራሉ፤ 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገራችሁም። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ሲሆን ማለፊያው 500 ነው። ሌላው ኤ.ኤን.ሲ.ሲ. የሚባለው ተቋም ፈተና ነው። እሱ 175 ጥያቄ በ3 ሰዓት ተኩል ነው፤ 150ው ይቆጠራል፣ ማለፊያው ከ500 350 ነው። ጊዜውን ለጥያቄው ብታካፍሉት በሁለቱም ለአንድ ጥያቄ የሚደርሳችሁ 72 ሰከንድ ነው።

«የትኛው ይቀላል?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ሐበሻ ነርሶች በተሰበሰብንበት ሁሉ ይነሳል። እኔ ቀላሉን ፈልጎ መምረጥ ጊዜ ማጥፋት ነው ባይ ነኝ። ልዩነቱ ይዘቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው በሽታና ሕክምና ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው ከዚያ በተጨማሪ ምርምር፣ ሥነ ምግባር፣ የጤና ፖሊሲ ይጠይቃል፤ መልስ ጎትቶ ማዛመድን የመሰሉ ጥያቄዎችም አሉት። ንባብና ጽንሰ ሐሳብ የሚወድ ሰው ሁለተኛው ሊስማማው ይችላል። እኔ ቶሎ ወደ ታካሚው የሚገባ ጥያቄ ስለሚመቸኝ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ሁለቱንም ጊዜ የተፈተንኩት እሱን ነው።

ጥናቱን የጀመርኩት በውርስ ደብተር ነው። ከእኔ በፊት ያለፈች ጓደኛዬ ማስታወሻዋን በካርቶን ሞልታ ሰጠችኝ። እሷም ከሌላ ሰው የወረሰችው ነበረበት። አመስግኜ ተቀብዬ ሸመደድኩት። ለካ መካከል ላይ መመሪያው ተለውጧል። ደብተሩ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ በ50 ዓመት ይጀመራል ይላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ወርዷል። የጡት ካንሰር ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ያለው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ነው። የሳንባ ካንሰሩ የአጫሾች መስፈርትም ደብተሩ ላይ የድሮው ነበር። ይህን ሁሉ ያየሁት ከወደቅኩ በኋላ ደብተሩን ከዋናው መመሪያ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሳስተያይ ነው።

ስለዚህ የሰው ማስታወሻ ስትቀበሉ በደስታ ተቀበሉ፤ ግን ቁጥር ባለበት ቦታ ሁሉ አመተ ምሕረት ጻፉበት። ይህ ዕድሜ፣ ይህ የደም ግፊት ልክ፣ ይህ መድኃኒት የየትኛው ዓመት መመሪያ ነው? ካላወቃችሁ ከዋናው ምንጭ አረጋግጡ። መመሪያ ትናንት ስለወጣ ዛሬ ፈተናው ላይ ይገባል ማለትም አይደለም። የቦርዱን የፈተና መግለጫ አንብቡ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያንን ሰነድ ሳይከፍተው ይፈተናል።

ከዚያ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፖቹ አሉ። መጀመሪያ ደስ ይላሉ። አንዱ ፒዲኤፍ ይለጥፋል፣ ሌላው ቪዲዮ ይልካል፣ ሌላዋ «ይሄን ሳታዪ እንዳትገቢ» ትላለች። ሁሉንም አወረድኩ። ማውረድ ራሱ ጥናት መሰለኝ። አንድ ዋና የትምህርት ምንጭና አንድ ጥሩ የጥያቄ ባንክ ይበቃ ነበር። ግሩፖቹ ውስጥ «የወጡ ጥያቄዎች» ብለው የሚሸጡም አሉ። ከእነሱ ራቁ። ፈተናው ላይ ስትቀመጡ ጥያቄዎቹን ላለማውጣት ትስማማላችሁ፤ በዚህ የተያዘ ሰው ስንት ዓመት የለፋበትን ሰርቲፊኬት ሊያጣ ይችላል። ደግሞም የሚሸጡት መልስ አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ነፃ የተለቀቀውን አይቼ ነው ይህን የምላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥናቱን ያስገባሁበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ቤት እገባለሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት እሸኛለሁ። ከዚያ ቡናዬን ይዤ ደብተር እከፍታለሁ። ዓይኔ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ጭንቅላቴ ግን ተኝቷል። ቀትር ላይ ስነሳ ያነበብኩትን ገጽ እንደ አዲስ አየዋለሁ። ያንን ሰዓት ሁሉ «አጠናሁ» ብዬ እቆጥረው ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ከሺፍት መልስ ማጥናት ጨርሶ ተውኩ። ተኝቼ ስነሳ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ግን ንቁ ሆኜ። ኦቨርታይሙንም ቀነስኩ። ገንዘቡ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። አገር ቤት የሚላክ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ድጋሚ ለመፈተን የሚወጣውን ገንዘብና በነርስ ደመወዝ የሚቆዩትን ተጨማሪ ወራት ደምሩት፤ ኦቨርታይሙ አያዋጣም።

መፈተኔን ከባለቤቴ በስተቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የኛ ነገር ይታወቃል፤ ሲሆን ይነገራል ብለን እንይዘዋለን። ሰው ካላወቀ ደግሞ አይተዋችሁም። ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ። ቅዳሜና እሑድ እንደዚያ ያልቃል። ለቅሶ መቅረት አይቻልም የሚል ካለ እስማማለሁ፤ እኔም አልቀረሁም። ግን ቀብር ደርሶ መመለስ አንድ ነገር ነው፣ ሦስት ቀን ወጥ ሲሠሩ መዋል ሌላ ነው። በሁለተኛው ዙር የማኅበራችንን እናቶች ሰብስቤ ነገርኳቸው። «ፈተና አለብኝ፣ እስከ ፋሲካ አትቁጠሩኝ» አልኩ። እንደሚቀየሙ ጠብቄ ነበር። አንዷ እትዬ ልጆቼን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ወስዳ ምሳ ታበላልኝ ጀመር። ለምን ቀድሜ አልተናገርኩም ብዬ ተቆጨሁ።

የመጀመሪያው ውጤት ፈተናው እንዳለቀ ስክሪኑ ላይ ነው የታየኝ። አላለፍኩም። የዚያን ቀን ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ደንብ ነው፤ ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ተረጋግቶ ስለማያነበው እዚህ ልጻፈው። በኤ.ኤ.ኤን.ፒ.ሲ.ቢ. የወደቀ ሰው ድጋሚ ለመመዝገብ ደካማ በሆነበት ክፍል የ15 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድና ማስረጃውን ማስገባት አለበት። በአንድ የፈረንጅ ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። በኤ.ኤን.ሲ.ሲ. በኩል ደግሞ 60 ቀን መጠበቅ አለ፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትፈተኑ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው ወይስ መጋቢት የሚለውም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ያንን 15 ሰዓት ብዙ ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። በርካሽ የተገኘውን ኮርስ ከፍቶ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ሰርቲፊኬቱን ያወርዳል። እኔም ልጀምር ነበር እንደዚያ። የመለሰኝ የውጤት ወረቀቱ ነው። ፈተናው አራት ክፍል አለው፦ ታካሚውን መጠየቅና መመርመር፣ በሽታውን መለየት፣ ምን እንደሚደረግ መወሰን፣ ከዚያ ውጤቱን መከታተል። የእኔ ወረቀት በሽታ መለየቱ ላይ ደህና ነበር። የተንኮታኮትኩት ውሳኔው ላይ ነው። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ምን ላድርግ ሲባል ግን እጄ ይታሰራል።

ለምን እንደሚታሰር የገባኝ ከአንዲት ትልቅ ሰው ጋር ሳወራ ነው። አገር ቤት በነርስነት ሠርተው፣ እዚህ በነርስ ፕራክቲሽነርነት ብዙ ዓመት የቆዩ እናት ናቸው። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። መውደቄን ስነግራቸው አላጽናኑኝም። «ጥያቄዎቹን እያነበብሽ ምን እንደምታስቢ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ወደ ሥራ ስነዳ እሳቸው በስልክ ያነቡልኛል፣ እኔ ስፒከር ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነበር። ለደም ግፊት ሊሲኖፕሪል የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ይዞታል። ሌላ ምንም የለውም። ቀጥሎ ምን ይደረግ? ይህን ሳል ነርስ ሆኜ ስንት ጊዜ ለሐኪም እንዳስታወቅኩ እግዜር ይወቀው። ከመድኃኒቱ መሆኑን ተኝቼም አውቀዋለሁ። «ታካሚውን አረጋጋለሁ፣ ክትትል አደርጋለሁ» የሚለውን መረጥኩ።

«ከዚያስ?» አሉኝ ሲስተር።

«ከዚያማ ለሐኪሙ አሳውቃለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪሙ አንቺ ነሽ እኮ! ሰውዬው ፊትሽ ተቀምጧል። ማንን ነው የምትጠሪው?»

መልሱ ሊሲኖፕሪሉን አቁሞ እንደ ሎሳርታን ወዳለ መድኃኒት መቀየር ነው። እውቀቱ ነበረኝ። ለዓመታት የሠራሁበት ሥራ ግን እውቀቱን ለሌላ ሰው እንዳቀብል ነው ያስለመደኝ። ነርስ አስተውላ፣ መዝግባ፣ ታሳውቃለች። ጥሩ ነርስ በሆናችሁ ቁጥር ይህ ልማድ ሥር ይሰድዳል። ፈተናው ላይ «ክትትል አደርጋለሁ»፣ «አስተምራለሁ»፣ «ወደ ስፔሻሊስት እልካለሁ» የሚሉ አማራጮች እንደ መጠለያ ሆነው ይታዩናል። አንዳንዴ ትክክል ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን የሸሸንባቸው ናቸው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ሌላ ጣጣ ጨምሮብኛል። እዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊሞት የተቃረበ ነው። የ34 ዓመት ጤነኛ ሰው ለአምስት ቀን አስሎት፣ ትኩሳት ሳይኖረው፣ የደም ግፊቱም ትንፋሹም ደህና፣ ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ቢሆን እኔ ራጅ አዛለሁ፣ ደም እወስዳለሁ፣ አንቲባዮቲክ እጀምራለሁ። ፈተናው የሚፈልገው ግን ጉንፋን ወለድ ብሮንካይተስ ነው ብሎ፣ ያለ ራጅና ያለ አንቲባዮቲክ፣ ምን ሲያይ እንደሚመለስ ነግሮ ወደ ቤቱ መሸኘትን ነው። ፈተናው የሚካሄደው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ነው። ይህን ከጥያቄ ሁሉ በፊት ለራሳችሁ ንገሩት።

ሲስተር አንድ ቀን «ጤና ጣቢያ እያለሽ ሐኪም ነበራችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረንም። የጤና መኮንን አንዳንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነርሶቹ ነበርን። «ታዲያ የታመመ ሕፃን ሲመጣ እንዴት ትወስኚ ነበር?»

እንዴት እንደምወስን ትዝ አለኝ። አገር ቤት የሠራችሁ የአይ.ኤም.ኤን.ሲ.አይ. ቻርቱን ታስታውሱታላችሁ፤ ከልደት እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የምናክምበትን። የሚያስል ሕፃን ሲመጣ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆጥራለን። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከዚያ ሕፃኑ ቻርቱ ላይ የሚወድቅበትን ቀለም እናያለን። ሮዝ ከሆነ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥቶ በአስቸኳይ ማስተላለፍ። ቢጫ ከሆነ እዚሁ ማከም። አረንጓዴ ከሆነ እናትየውን መክሮ ወደ ቤት። ማንንም አልጠራም ነበር። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሆኜ ስወስን የኖርኩትን ነገር አሜሪካ መጥቼ ነው የረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ጥናቴ በሙሉ በቀለም ሆነ። አንድ በሽታ ባነበብኩ ቁጥር ከዝርዝሩ በፊት «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» እላለሁ። ሮዝ የሆኑትን ለብቻ አወጣኋቸው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አዲስ ራስ ምታት ይዞት ሲያኝክ መንጋጋው የሚያመው ከሆነ ሮዝ ነው፤ ዓይኑ ሊጠፋ ስለሚችል ከደም ሥሩ የሚወሰደውን ናሙና ውጤት ሳይጠብቁ ስቴሮይድ መጀመር ነው። ድንገተኛ የዘር ፍሬ ሕመም ሮዝ ነው። የሚያምና የቀላ ዓይን፣ ማስታወክና በብርሃን ዙሪያ ቀለበት ማየት ካለበት ሮዝ ነው። ወገቡን አሞት ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ሮዝ ነው። የወር አበባ ቀርቶባት በአንድ ጎን ሆዷን የሚያማትና የሚደማት ሴት ሮዝ ናት። እነዚህ ብዙ አይደሉም። ጠንቅቆ ያወቃቸው ሰው ሌላውን ተረጋግቶ ያክማል።

ቢጫው ሰፊው ነው፤ ከፈተናው ትልቁን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ አስም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ቆዳ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን መድኃኒት፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ ማወቅ አለባችሁ። ሌላ ሕመም የሌለበት አዋቂ ቀለል ያለ የሳንባ ምች ቢይዘው አሞክሲሲሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን። የስኳር በሽተኛ ሽንቱ ላይ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ቢታይ ከግፊት መድኃኒቶቹ ኤ.ሲ.ኢ. (እንደ ሊሲኖፕሪል) ወይም ኤ.አር.ቢ. (እንደ ሎሳርታን)፤ ታካሚዋ እርጉዝ ከሆነች ግን ሁለቱም ክልክል ናቸው። አረንጓዴው ውስጥ ጉንፋኑ፣ ብሮንካይተሱ፣ የተጠማዘዘው ቁርጭምጭሚት አለ። አራት እርምጃ መራመድ ከቻለና አጥንቱ ላይ ሲነካ የማያመው ከሆነ ራጅ አያስፈልገውም። እኔ በራሴ አንድ ቀለም ጨመርኩ፤ ሰማያዊ፣ ለክትባትና ለቅድመ ምርመራ። ጤነኛ ሰው መጥቶ «ዛሬ ምን ይደረግለት?» የሚለው ጥያቄ ይወጣል፣ እኛ ደግሞ ጤነኛ ሰው ማከም አልለመድንም።

አገር ቤት መሥራት የሚጠቅምበትም የሚያዘናጋበትም ቦታ አለ። ኩፍኝ ያየ ሰው አፍ ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ነጠብጣቦች ከሥዕል መማር አያስፈልገውም። የመዥገር በሽታዎቹ ግን እንግዳ ናቸው። የላይም በሽታን የዒላማ ቅርጽ ያለው ሽፍታ፣ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት የሚጀምረውን የሮኪ ማውንቴን ስፖትድ ፊቨር ሽፍታ አጥኗቸው። ለዚህ ለሁለተኛው ለትንሽ ልጅም ቢሆን መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ «ለሕፃን አይሰጥም» ብሎ የተማረ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ቲቢን አውቀዋለሁ ብዬ ሳላነበው ቀርቼ ነበር። ፈተናው የሚጠይቀው የቆዳ ምርመራው ስንት ሚሊ ሜትር ሲያብጥ ፖዘቲቭ እንደሚባል ነው። ኤች.አይ.ቪ. ላለበት ወይም ከታማሚ ጋር በቅርብ ለኖረ 5፣ ቲቢ ከበዛበት አገር ለመጣ 10፣ ምንም ተጋላጭነት ለሌለው 15። አሥሩ ውስጥ ያለሁት ራሴ ነኝ፣ ስለዚህ አልረሳውም። የሚለካውም መቅላቱ ሳይሆን እብጠቱ ነው።

የጥያቄ ባንኩንም አጠቃቀሜን ቀየርኩ። ድሮ ስንት በመቶ አገኘሁ ነበር የማየው። አሁን ለተሳሳትኩት ሁሉ አንድ ነገር እጽፋለሁ፦ አላውቀውም ነበር፣ አንብቤ ስቼዋለሁ፣ ወይስ እያወቅኩ መወሰን ፈርቻለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሦስተኛው ይበዛ ነበር። ይህን ባላደርግ ኖሮ መጽሐፍ ጨምሬ ባነብ ይሻላል ብዬ እቀጥል ነበር።

በእንግሊዝኛ አንብበን ስለምንዘገይ 72 ሰከንዱ ያንሰናል የሚል ፍርሃት አለ። የረዳኝ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር አነባለሁ፤ ምን እየጠየቁኝ ነው? ከዚያ ዕድሜና ጾታ። ከዚያ የሰውነት ምልክቶቹን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትኩሳት) ቁጥር። ከዚያ ብቻ ታሪኩን። «ኢኒሺያል» ያለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚታዘዘውን ቀላሉን ምርመራ ነው የሚፈልገው፤ «ጎልድ ስታንዳርድ» ያለው ደግሞ የመጨረሻውን ማረጋገጫ። ታሪኩ አንድ ሆኖ መልሱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ያልገባኝን ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። ስመለስ መልስ የምቀይረው ያላየሁት ቃል ካየሁ ብቻ ነው። «ደስ አላለኝም» ብዬ አልቀይርም።

ቀጠሮ የያዝኩት ሙሉ በሙሉ ሲገባኝ ሳይሆን ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ላይ ውጤቴ መውጣትና መውረዱን ሲያቆም ነው። «ሁሉን ስጨርስ እመዘገባለሁ» ያሉ ጓደኞቼ ከተመረቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው አሁንም እያጠኑ ነው። ትምህርቱ ሳይበርድ ተፈተኑ። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት የሌሊት ሺፍት አትግቡ፤ ሰውነታችሁ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት መንቃት መልመድ አለበት። ሙሉውን 3 ሰዓት ሳትነሱ፣ ስልክ ሳትነኩ፣ ቤት ውስጥ አንዴ ተቀመጡና ሞክሩት።

አሁን የምነግራችሁን እኛ ብቻ ነን የምንረዳው። ስማችሁን አረጋግጡ። ፈተና ጣቢያው ላይ የምታቀርቡት መታወቂያና የተመዘገባችሁበት ስም አንድ ካልሆነ አያስገቡም፤ የከፈላችሁትም ይቃጠላል። እኛ ደግሞ የአባት ስም አለን፣ የአያት ስም አለን። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ ትምህርት ቤት የአባት ስም የተጻፈበት፣ የነርስ ላይሰንሱ ላይ አንድ ፊደል የጎደለው ብዙ ነው። ዜግነት ሲወስድ ስሙን ያሳጠረም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት መንጃ ፈቃዳችሁን፣ ላይሰንሳችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተለየ ካለ ለቦርዱ ቀድማችሁ ጻፉ፣ መልሱ ቀን ሊወስድ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት አብራኝ ልትፈተን መጥታ ከበር የተመለሰች እህታችንን አይቼ ነው።

ሁለተኛው ፈተና እንደ መጀመሪያው ከባድ ነበር። ጥያቄዎቹ አልቀለሉም። ልዩነቱ ሁለት አማራጭ ላይ ስደርስ የማደርገውን ማወቄ ነው። ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ነኝ፣ ሰውዬው ፊቴ ነው፣ ቀለሙ ምንድን ነው? ሲያልቅ ማለፌን ስክሪኑ ነገረኝ። መጀመሪያ የደወልኩት ለሲስተር ነው። «በይ አሁን ላይሰንሱን ዛሬውኑ አመልክቺ» ብለው ዘጉብኝ።

እውነታቸውን ነው። የቦርድ ፈተና ማለፍ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። የስቴቱ ላይሰንስ አለ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ምዝገባዎች አሉ፣ ከዚያ ቀጣሪው በየኢንሹራንስ ኩባንያው ያስመዘግባችኋል። ይህ የመጨረሻው ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ሰርቲፊኬቱ ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የተከታታይ ትምህርት ማስረጃችሁን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። የሥራ ውል ሲሰጣችሁ አዲስ ኤን.ፒ.ን በመጀመሪያዎቹ ወራት ማን እንደሚያግዝና በቀን ስንት ታካሚ እንደሚመደብ በጽሑፍ ጠይቁ። ያላችሁን የነርስ ሥራ ደግሞ ቸኩላችሁ አትልቀቁ። እኔ የሌሊት ሺፍቴን የተውኩት ክሊኒኩ የኢንሹራንስ ምዝገባዬ ማለቁንና የምጀምርበትን ቀን በጽሑፍ ከላከልኝ በኋላ ነው።